አበበች የተባለችው ዓሊማ

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጀርመን፣ ከስደተኞች መጠለያ

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለአያ ፈንታው ገዛኸኝ፣
ሮቢት

ሰላምታዬ ለእርስዎም፣ ለእትዬ ማሚቴም፣ ደጃችሁን ለሚረግጥ ሰው ሁሉ ይድረስ። አላህ ማሽላችሁን ከወፍ፣ እናንተን ከክፉ ነገር ይጠብቅልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ፤ ብርዱን ግን ገና አልለመድኩትም።

በእናንተ በኩል ስልክም ኢንተርኔትም ስለጠፋ ይህን ደብዳቤ ደሴ ላለችው ልጅዎ ለራሔል ልኬላታለሁ። እሷ አትማ በሚኒባስ ሹፌር ታደርስልዎታለች። መልሱንም በወረቀት ጽፈው ለእሷ ይላኩላት፤ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች።

የማስቸግርዎት በአንድ ጉዳይ ነው። ባለፈው ወር ለጥገኝነት ጥያቄዬ ቃሌን ሰጠሁ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠየቁኝ። የቆቦ ልጅ ነኝ አልኩ። አባቴ ሙሀመድሰይድ ቆቦ ላይ ጨርቅ ይሸጥ እንደነበር፣ በጦርነቱ በሱቁ ደጃፍ እንደተገደለ፣ እናቴም ከሁለት ወር በኋላ የስኳር መድኃኒቷ አልቆ እንደሞተችብኝ፣ እኔም ከዚያ መታሰሬን ተናገርኩ። "መታወቂያሽስ?" አሉኝ። ከሱቁ ጋር ተቃጠለ አልኩ። አስተርጓሚው ደግሞ "አማርኛዋ ውስጥ ትግርኛም ኦሮምኛም አለበት፤ የቆቦ ሰው መሆኗን እጠራጠራለሁ" ብሎ አስመዘገበብኝ። ከአባቷ ጋር ዋጃ ገበያ ላይ ጨርቅ ስትለካ ያደገች ልጅ በምን ቋንቋ እንድትናገር ነው የፈለገው?

ቀጥሎ የቅርብ ዘመድሽ ማን ነው ሲሉኝ የእርስዎን ስም ሰጠሁ። አስተርጓሚው ለጠያቂዋ አንድ ነገር ሹክ አላት። ጠያቂዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ፈንታው ገዛኸኝ የክርስቲያን ስም አይደለም?"

"ነው።"

"አንቺ ሙስሊም ነኝ ብለሻል።"

"ነኝ።"

"ታዲያ እውነቱ የትኛው ነው?"

ሁለቱም አልኳት። ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች አላውቅም።

ስለዚህ አጎቴ፣ ቆቦ መወለዴንና የእነማን ልጅ መሆኔን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከቀበሌ ያውጡልኝ። የሰጡኝ ጊዜ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ሥራ እንደማስፈታዎት አውቃለሁ፤ ግን ከእርስዎ ሌላ ማንን ልላክ?

አክባሪዎ
ነሲባ ሙሀመድሰይድ


ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮቢት

ለእኅቴ ልጅ ለነሲባ፣

እንደምን ሰንብተሻል? በሰው አገር የሚጠብቅሽ አምላክ ካጠገብሽ አይራቅ። እኛ ቸሩ ይመስገን አለን። ማሚቴ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ማሽላ እየቆረጥን ነበር። ማጭዱን ጥዬ ቆቦ ሄድኩ። ጸሐፊው ስብሰባ ነው ተባልኩ። በማግስቱ ሄድኩ፤ ጸሐፊው አለ፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል። በሦስተኛው ጉዞዬ ሁለቱም ተገኙ፤ አሁን ደግሞ መዝገብ የለም። በጦርነቱ ተቃጥሏል። "እንግዲህ በምን እናውቃታለን?" ይለኛል ጸሐፊው። ይኼ ልጅ የመጀመሪያ የተማሪ ቤት ልብሱን ጨርቅ ለክታችሁ የሸጣችሁለት እናንተ ናችሁ!

"አታውቃትም?" አልኩት።

"አውቃታለሁ እንጂ አያ ፈንታው። በወረቀት ግን አላውቃትም።"

ተቆጥቼ ልወጣ ስል የጨነቀኝን አይቶ ነው መሰል ቁጭ በሉ አለኝ። ወረቀቱ ተጻፈ። "የአቶ ሙሀመድሰይድና የወይዘሮ አበበች ገዛኸኝ ልጅ፣ የትውልድ ቦታዋ ቆቦ" ይላል፤ ክብ ማኅተም አርፎበታል። ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

ያ አስተርጓሚ ተብዬ ግን ማን ነው? ቆቦ መጥቶ ያውቃል? ይምጣና አንድ የገበያ ቀን ይዋል፤ አንድ ሰው አንዲት ፍየል ለመግዛት በስንት ቋንቋ እንደሚከራከር ጆሮው ይስማ።

ማሚቴ ለጉልበት የሚቀባ ነገር ካለ ላኪልኝ ብላለች።

አጎትሽ
ፈንታው ገዛኸኝ


ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጀርመን

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለአያ ፈንታው፣

እንደምን ከረሙ? ስለ እኔ ብለው የተመላለሱበትን መንገድ አላህ በጤና ይካስዎት። ለእትዬ ማሚቴ ቅባቱን ገዝቻለሁ፤ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እስካገኝ ነው።

ወረቀቱ ደረሰኝ። እንዴት እንደምነግርዎት አላውቅም፣ አጎቴ፤ ባይደርሰኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ቃሌን ስሰጥ የእናቴን ስም ዓሊማ ገዛኸኝ ብዬ አስመዝግቤያለሁ። ወረቀቱ አበበች ይላል። ጠያቂዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ "ይህ የሌላ ሰው ወረቀት ነው" አለችኝ። እናቴ ስታገባ ስሟን ቀይራለች፣ ሁለቱም እሷው ናት ብዬ ለመንኩ። "ይህን የሚያውቅ ማን አለ?" አለች። ወንድሟ ያውቃል አልኩ። "ታዲያ ወንድሟ ለምን አልጻፈውም?"

ምን ልበላት? ልጠይቀው አልኳት። ያም ተጻፈ።

ጠበቃዬ የምትለው ይህንን ነው፦ የሥጋ ዘመድ ያለበት ሦስት ምስክር በማኅበራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ አበበችና ዓሊማ አንዲት ሴት መሆኗን ቃል ይስጥ። አበበች የተባለችው ዓሊማ፤ ይህችን ብቻ። የአባቴ ወንድም ከማሉዲን እሺ እንደሚል አልጠራጠርም። የእናቴ ወገን ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።

እዚህ የማን እንደሆንኩ ማስረዳት ሥራ ሆኖብኛል። አብራኝ የምትኖረው መቅደስ የጎንደር ልጅ ናት፤ ጥሩ ሰው ናት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐበሾቹ አብረው የሚበሉበት ወሰደችኝ። እንደ እኅት ተቀበሉኝ። ሥጋውን ሲያቀርቡልኝ ሙስሊም ነኝ ብዬ ስተወው አንዷ "ውይ! እኛ እኮ ሐበሻ መስለሽን ነው" አለችኝ። በሳምንቱ መስጊድ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ አንዲት የሶሪያ ሴት እጄን ጨብጣ "መቼ ሰለምሽ?" አለችኝ። ሐበሻ ሙስሊም እንዳለ ሰምታ አታውቅም። ቆቦ ስላቸው ደግሞ የአገሬ ልጆች ሁለት ወገን ሆነው ይጨቃጨቁብኛል፤ አንዱ የኛ ነሽ ይላል፣ ሌላው አይደለም የነዚያ ናት ይላል። እኔን የጠየቀኝ የለም።

እባክዎ አይዘግዩብኝ። እስከ የካቲት አራዝመውልኛል።

ነሲባ


የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮቢት

ለነሲባ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። የዘገየሁት መንገድ ተዘግቶ ነው። ደግሞም ሽንኩርት ውኃ እያጠጣን ነበር። ማሚቴም ታማ ነበር።

የጠየቅሽኝን አይቻለሁ። እኔ አበበች የምትባል እኅት ነበረችኝ። አባታችን ገዛኸኝ ያወጣላት ስም ይኸው ነው፤ ክርስትና ስትነሣ እዚያው ነበርኩ። ሌላ ስም አላውቅም። የማላውቀውን ደግሞ በፍርድ ፊት አልመሰክርም።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው አንቺ ስሟን በትክክል ባለመናገርሽ ነው። ከመጀመሪያው አበበች ብትይ ኖሮ አንዱ ወረቀት ይበቃሽ ነበር። አሁንም ሄደሽ ተሳስቼ ነው በያቸው።

ማሚቴ ቅባቱ አልደረሰም ወይ ትላለች።

ፈንታው ገዛኸኝ


የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጀርመን

ለአያ ፈንታው፣

ሰላምታዬን ይቀበሉኝ። ዛሬ ቃል ማሳመር አልቻልኩም።

ተሳስቼ ነው በያቸው አሉኝ። የእናቴን ስም ተሳስቼ ነው? መቅደስ የምታውቀው አንድ ሰው አለ፤ ለስደተኛ ታሪክ ይሠራል። "ቆቦውን ተዪው፣ ያስቸግራል፤ ከሌላ ቦታ ነኝ በይ፣ እናትሽንም አንድ ስም ስጫት፣ እኔ አስጠናሻለሁ" አለኝ። እምቢ አልኩት። እሱን እምቢ ያልኩት የእርስዎን ምስክርነት ተማምኜ ነበር። ለካ እርስዎም እንደ እሱ አንዱን ስም ጣዪ ነው የሚሉኝ!

እኔ እኮ ከአገር የወጣሁት በዚህ ነው፣ አጎቴ። በጦርነቱ ቆቦን የያዘ ሁሉ የሌላው ወገን ነሽ እያለ ጠየቀኝ። መጀመሪያ የመጡት ወሰዱኝና ሦስት ሳምንት አሰሩኝ። እነሱ ሲወጡ የገቡት ደግሞ ለምን ለቀቁሽ ብለው አሰሩኝ። ባሕር ተሻግሬ መጣሁ፤ እዚህም በወንበር አስቀምጠው ያንኑ ይጠይቁኛል። ሁሉም አንድ ነገር እንድሆንላቸው ይፈልጋሉ። ቢያንስ የእናቴ ወንድም አይጠይቀኝም ብዬ ነበር።

እናቴ ሃያ ስምንት ዓመት ዓሊማ ተብላ ኖራለች። አባቴ በዚህ ስም ጠርቷታል፣ ጎረቤት በዚህ ስም ጠርቷታል። እርስዎ በመጡ ቁጥር ከግቢው ውጭ ቆመው "አበበች!" ብለው ሲጣሩ ግን አንድም ቀን አልተቆጣችም። "አቤት ወንድሜ" ብላ እየሮጠች ትወጣ ነበር። ለሁለቱም አቤት ብላለች። እርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ ደጁን አልፈው አልገቡም።

ስትሞት መልእክት ላክሁብዎት። መንገድ ተዘጋ ብለው ቀሩ። ያን ቀን ከሮቢት የመጡ ሦስት ሰዎች ቀብሩ ላይ ነበሩ። ያኔ ምንም አላልኩም። አሁን ጠየቅሁዎት፤ የትኛው መንገድ ነበር የተዘጋው?

ጊዜውን ለመጨረሻ ጊዜ እስከ ሰኔ አራዝመውልኛል። ካልፈለጉ እንዳልፈለጉ ይጻፉልኝ። በቃ።

ነሲባ


ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮቢት

ለልጄ ለነሲባ፣

እግዚአብሔር ልብሽን ያሳርፈው። ደብዳቤሽን ሹፌሩ ከሰጠኝ ሁለት ወር አለፈው። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ቀደድኩት። ማሚቴ አንብቢልኝ ሳልላት አነበበችውና ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። መንገድ አልተዘጋም ነበር። መኪና ስላልነበረ ሌሊት ተነሥቼ በእግሬ ሄድኩ፤ ቆቦ ስደርስ ረፋድ ላይ ነው። ወደ እስላሞቹ መቃብር የሚሄደውን ሰው ተከትዬ ከበሩ ደረስኩ። አንድ መንገደኛ "የማን ቀብር ነው?" ብሎ ጠየቀ። "የዓሊማ፣ የነጋዴው የሙሀመድሰይድ ሚስት" አሉት። ይህን ስሰማ ከበሩ ላይ ቆምኩ። እኔ የመጣሁት አበበችን ልቀብር ነው፤ እዚህ አበበች የሚላት የለም፤ ብገባ ማን ነህ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ዞርኩ። መንገድ ዳር ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጬ እስኪመሽ አለቀስኩ። ለማሚቴ መንገድ ተዘግቷል አልኳት። አንቺም ያንኑ ሰማሽ። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም።

ባለፈው ሳምንት ከማሉዲን ጋ ሄድኩ። አባትሽ ወንድሙ ነው፤ እሱን ግን ከሠርጋቸው ወዲህ ገበያ ላይ በአንገት ሰላም ከማለት በቀር አላናገርኩትም ነበር። የመጣሁበትን ስነግረው ጫማውን አደረገ። ሦስተኛ ምስክር እንድትሆን እናትሽን ያዋለደቻትን ጎረቤታችሁን ሀጀራን ይዘን ፍርድ ቤት ቀረብን። ሰብሳቢው አስማለን።

"ዓሊማ ገዛኸኝን ያውቋታል?" አለኝ።

ከማሉዲን ያየኛል፣ ሀጀራ ታየኛለች።

"እንዴት አላውቃትም! እኅቴ ናት" አልኩ።

"አበበች ገዛኸኝ የምትባለውስ?"

"እሷም እኅቴ ናት።"

"ስንት እኅት ነው ያለዎት?"

"አንድ" አልኩ።

ጸሐፊው ሲጽፍ ቆይቶ "እንዴት ብዬ ላድርገው?" አለ። አበበች የተባለችው ዓሊማ ብለህ ጻፍ አልኩት። አነበበልኝ። ፈረምኩ።

ስንወጣ ከማሉዲን ምሳ ሳትበላ አትሄድም አለኝ። የሥጋው ነገር ለሁለታችንም ስለማይሆን ሽሮ በላን። ስለ አባትሽና ስለ እናትሽ ስናወራ የመጨረሻው ሚኒባስ አመለጠኝ።

ወረቀቱ ከዚህ ጋር ነው። ሦስት ፊርማ፣ ሁለት ማኅተም አለው። ይበቃቸው እንደሆነ እንጃ።

አጎትሽ
ፈንታው


ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጀርመን

ይድረስ ለአጎቴ ለአያ ፈንታው፣

ሰላምታዬ ከእግርዎ ይድረስ። እትዬ ማሚቴ ቅባቱ እንደደረሳት ራሔል ነግራኛለች፤ አላህ ያሽራት።

ስለ ቀብሩ የጻፉልኝን አነበብኩ። ተናደድኩ። አሁንም አልበረደልኝም፤ ልዋሽዎት አልፈልግም። ግን እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ቀኑን ሙሉ ብቻዎን ከግራር ሥር መቀመጥዎን ሳስበው ደግሞ ያመኛል።

አሁን ውጤቱን ልንገርዎት። ሰኔ ላይ እንደገና ጠሩኝ። አስተርጓሚዋ ሌላ ሴት ናት፤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ተረጎመችላት። ጠያቂዋ "ስለዚህ እናትሽ ሁለቱንም ነበረች" አለች። አዎ አልኩ። አስር ወር ሙሉ ስለው የነበረው ይኸው ነበር! ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተቀበሉኝ። የሦስት ዓመት መኖሪያ ፈቃድ ሰጡኝ፣ አጎቴ። ወረቀቱን ይዤ መንገድ ላይ ቆሜ መቅደስ እስክትመጣ አለቀስኩ።

ትናንት ካርዱን ልወስድ ሄድኩ። ዜግነት በሚለው ቦታ "ያልተጣራ" ይላል። ከሥሩ ደግሞ "ከላይ የሰፈረው ሁሉ በካርዱ ባለቤት ቃል ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው" የሚል አለበት። በመስኮቱ ወዳለው ሰውዬ መለስኩት።

"ሦስት ምስክር፣ ሁለት ማኅተም አምጥቻለሁ፤ የት ሄዱ?"

"ፋይል ውስጥ አሉ።"

"ታዲያ ለምን በካርዱ ባለቤት ቃል ላይ ብቻ ይላል?"

"ፓስፖርት ስታመጪ ይታረማል።"

"ፓስፖርት ለማውጣት ኤምባሲ መሄድ አለብኝ።"

"ኤምባሲ ከሄድሽ ከለላ አያስፈልግሽም ማለት ሊሆን ይችላል" አለኝ፤ ቀጣዩንም ሰው ጠራ።

ከዚህ በላይ የምጨቃጨቅበት ጉልበት የለኝም። ልብስ በሚያስተካክሉበት ሱቅ ሥራ አግኝቻለሁ። የሱቁ ባለቤት ከየት ነሽ አላለችኝም፤ መቀስ አያያዝ ትችያለሽ ወይ ብቻ ነው ያለችኝ። ይበቃኛል። እባክዎ አጎቴ፣ ከእንግዲህ በኔ ምክንያት ቀበሌ አይመላለሱ። ተዉት። እኔም ትቼዋለሁ።

የእኅትዎ ልጅ
ነሲባ


መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሮቢት

ለልጄ ለነሲባ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰሽ። ዘመኑን የዕረፍት ያድርግልሽ።

ያልተጣራ? ምኑ ነው ያልተጣራው? እንዴት ያለ ነገር ነው! በአራት ጉዞ፣ በመሐላ፣ በሁለት ማኅተም ያልተጣራ በምን ሊጣራ ነው? ደብዳቤሽን ለከማሉዲን ባነብለት ከኔ ብሶ አረፈ፤ "የኛን ምስክርነት ፋይል ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት?" ብሎ ጮኸ። ሱቁን ዘግቶ ሮቢት ድረስ መጣ። ትናንት እኛ ቤት አደረ።

ተዉት ብለሻል። እኛ ግን አልተውነውም። በቀጥታ ለጀርመኖቹ የሚጻፍ ደብዳቤ ሌሊቱን አርቅቀናል። የእናትሽን አባት፣ የአባትሽን አባት፣ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን አስገብተናል። ማሚቴ ረዘመ ትላለች፤ ከማሉዲን ደግሞ ያንሳል ይላል። ስለ ሦስተኛው ቅድመ አያትሽ ስም ገና አልተስማማንም፤ መንገድ ላይ እንጨርሰዋለን። ራሔል በፈረንጅ አፍ የሚያስተረጉምልን ሰው ደሴ ላይ አገኛለሁ ብላለች።

ብዙ ልጽፍልሽ ነበር። ከማሉዲን ባጃጅ አስቁሞ ከውጭ እየተጣራ ነው፤ ማኅተም የሚያሳርፍልን የቆቦው ጸሐፊ በስድስት ሰዓት ቢሮውን ይዘጋል። ልሂድ።

አጎቶችሽ
ፈንታው፣ ከማሉዲን